ሦስት መቶ ሃያ ነጥብ

ኮዬ ፈጬ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ የሚጀምርበት፣
ከኮንዶሚኒየም ሥር፣ ባለ ግማሽ በር ማተሚያ ቤት፤
ማሽኑ በዕቁብ የተገዛ፣ መብራቱ በሰማይ ፈቃድ፣
ኩመላ ባነር ይወጥራል፣ ቀለበት መትቶ፣ በገመድ።

ልብስ ሰፊዋ ሎሚ ገባች፣ አቧራዋን በራፍ ላይ አራግፋ፣
ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ስልኳን እንደ እንቁላል አቅፋ።
«ባነር ሥራልኝ፤ አራት በሁለት፤ ከታክሲ ውስጥ የሚነበብ።
የጋሽ ጥላዬን ፊት መሀል ላይ፤ ሰፋ አርገው እንጂ አታጥብብ።
መደቡ ደግሞ ይሄ ሰማያዊ» አለች፣ ስክሪኔን በጣቷ ነክታ፣
እንደ ደንበኛ ሳይሆን እንደ አለቃ፣ ክርክሩን ሳይጀመር ረትታ።

ጋሽ ጥላዬ መቀስ ያስያዟት ናቸው። ባለፈው ክረምት አረፉ።
ፎቷቸው ከለቅሶ ቤት፣ ስልክ ለስልክ ሲተላለፍ የቀረ፣
በደረሰበት እጅ ሁሉ ትንሽ እየከሳ፣ እየተሸረሸረ፤
ወርዱ ሦስት መቶ ሃያ ነጥብ።

ወደ ሁለት ሜትር ለጠጥኩት።
ዓይናቸው ሰድር ሆነ፤ አፋቸው የተነጠፈ ጡብ፤
ኩመላ ከኋላዬ «ይሄ ሰው ነው ወይስ ሕንፃ?» አለ፤
ማንም አልሳቀ፤ ጥያቄው እንደ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ተሰቀለ።

«እጅ ላይ ለሚያዝ ወረቀት፣ ኢንቹ ሦስት መቶ ነጥብ ይሻል፤
ባነር ከመንገድ ማዶ ነው የሚታይ፣ ሰባም መቶም ያብቃቃል።
ይሄ ግን ያም የለው። ያልነበረ ነጥብ ከየት ልውለድ?
ማሽኑ ይገምታል፤ ግምቱ ግን የማናውቀው ሰው ዘመድ።
ሰማያዊውም» አልኩ፣ «ያየሽው መብራት ነው እንጂ ቀለም አይደል።
ስክሪን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሦስቱ ሲደመሩ ይነጣል፤
ወረቀት ላይ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ሦስቱ ሲደመሩ ጭቃ፤
ለዚህ ነው ጥቁር አራተኛ ሆኖ የሚቆምላቸው ጠበቃ።»

ሞዱን ቀየርኩ፤ ከአርጂቢ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ አንድ ጠቅታ፤
ሰማያዊው ዓይኗ እያየ ደበዘዘ፣ ፓውዛው እንደጠፋበት ማታ።

የሚያኮርፍ ደንበኛ ለምጃለሁ።
እሷ ግን «ቁራጭ አትምልኝ» አለች።
ይዛው ወጣች፣ ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐዩ።

«ክርም እንዲሁ ነው፤ በሱቅ አምፖል ሌላ፣ በቀን ብርሃን ሌላ።
ጋሽ ጥላዬ ፀሐይ ላይ ሳያዩት፣ ክር ገዝተው አያውቁም በችኮላ።»
ሰባት ቁራጭ አሳተመችኝ።
«ያቺ ቀይዋ ትቀነስ» ትላለች፤ ማጀንታን ነው፤ ልክ ነበረች።
ሰባተኛው ላይ ዝም አለች፤ ቀሚሷ ላይ ለጥፋ አየች።

«ባነሩ ላይ ፊደል ብቻ ይሁን፤ ስማቸው፣ ስልኬ፣ በቃ።
ፊታቸው ግን፣ ምን ያህል ቢሆን ነው የሚጠራ?»
አሰላሁ። አንድ ኢንች። ከክብሪት ቀፎ ያነሰ።
አውራ ጣቷን ዘረጋች። «ይቺን ታህል?»
«ይቺን ታህል።»
«ይበቃል። አግዝፈህ አታጥፋቸው።
ካርድ ላይ አርጋቸው፤ ባለ ልብሱ ኪሱ ውስጥ ያግኛቸው።»

በስድስት ወሩ ሱሪዬን ላሳጥር ሄድኩ።
ፀሐይ ባነሩን ጀምራዋለች፤
ቢጫውን ቀድማ፣ ማጀንታውን አስከትላ፣ እየበላች።
ቢጫ የነበሩት ፊደሎች ነጥተዋል፤
ሰማያዊው ግን፣ ቀይዋ ስትለቀው፣
ያን ቀን በጣቷ ወደነካችው፣ እኔ አይሆንም ወዳልኩት፣
ጥቂት ቀረብ ብሏል።
አልነገርኳትም። ታውቀዋለች መሰለኝ።

ቤቴ ስደርስ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤
ጋሽ ጥላዬ፣ አንድ ኢንች፣
የመነጽራቸው ክፈፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ፣
ግራ ቅንድባቸው ከቀኙ ከፍ ብሎ፣
ሊለኩኝ የተነሱ ይመስል።

አምፖሉ ሥር አየኋቸው።
ከዚያ ተነስቼ፣ ሳይመሽ፣ ወደ በሩ ወጣሁ።